ያልጠጣው ሰው ለምን ይነፋል?

ጥያቄውን የላኩልኝ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ሚኒባስ ታክሲ ያላቸው አባት ናቸው። ደብዳቤያቸው ረዘም ይላል፤ ፍሬው ይህ ነው፦ «ማታ ማታ ትራፊኮች እያስቆሙ ትንፋሽ ያስነፋሉ። የጠጣው ግን ጓደኛው ቀድሞ ይደውልለትና በውስጥ ለውስጥ ይሾልካል። ተሰልፎ የሚነፋው ሳይጠጣ የመጣው ነው። የኔ ሾፌር በዚህ ምክንያት አንድ ቢያጆ ቀርቶበታል። ለመሆኑ ይሄ ነገር አደጋ ይቀንሳል ወይስ የቅጣት ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው?»

ይቀንሳል። ደግሞም እርስዎን ያበሳጨዎት ነገር፣ ያልጠጣው ሰው ተሰልፎ መንፋቱ፣ ትልቁን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። ይህን ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ፣ ወደ ሁለት ሩቅ አገሮች መሄድ ይኖርብኛል።

ብሪታንያ የትንፋሽ ምርመራን በሕግ የጀመረችው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 1967 ነው። ጣሪያው በአንድ ሊትር ደም 0.8 ግራም አልኮል ነበር። ሕጉን ይዘው የቀረቡት የትራንስፖርት ሚኒስትሯ ባርባራ ካስል ራሳቸው መኪና አይነዱም ነበርና የመጠጥ ቤት ባለቤቶች «መንዳት የማያውቁ ሴት ሊያስተምሩን» እያሉ ብዙ አሟቸው። ውጤቱ ግን ተቺዎቹን ጭምር አስደነገጠ። ሎረንስ ሮስ የተባሉ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ሊቅ ቁጥሩን ሲመረምሩ፣ በቅዳሜና እሑድ ሌሊት የሚሞተውና ክፉኛ የሚቆስለው ሰው መጀመሪያ ላይ በሁለት ሦስተኛ ገደማ መውረዱን አገኙ። ሕጉም፣ መሣሪያውም፣ ፖሊሱም ሳይለወጥ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያ ጥቅም እየሟሟ ሄደ።

ምክንያቱ ለእርስዎ ጥያቄ ቁልፍ ነው። የብሪታንያ ፖሊስ አንድን አሽከርካሪ «ንፋ» ለማለት የሚችለው ጠጥቷል ብሎ ሲጠረጥር፣ የትራፊክ ጥፋት ሲያይ ወይም አደጋ ሲደርስ ብቻ ነበር። እርስዎ እንደሚፈልጉት ማለት ነው፦ ያልጠጣው አይነካም። አሽከርካሪው በመጀመሪያዎቹ ወራት ጋዜጣው ሁሉ ስለ ምርመራው ሲጽፍ ፈርቶ መኪናውን ቤት ተወ። ቆይቶ ነገሩን አየው። ወር ሄደ፣ ዓመት ሄደ፣ እሱም ሆነ የሚያውቃቸው ጓደኞቹ አንድም ቀን አልነፉም። መስመሩን ሳይለቅ፣ መብራት ሳይጥስ እስከነዳ ድረስ ማንም እንደማያስቆመው ተረዳ። ፍርሃቱ ሲሄድ ብርጭቆው ተመለሰ።

ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ሲድኒ የምትገኝበት የአውስትራሊያ ክፍለ ግዛት፣ ሌላ መንገድ ያዘች። ጎረቤቷ ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1976 ቀድማ ጀምራ ነበር፤ ነገር ግን በደንብ ያየነው ትምህርት ያለው ሲድኒ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 17 ቀን 1982 ጀምሮ ፖሊስ ያለ ምንም ጥርጣሬ ማንኛውንም አሽከርካሪ አስቁሞ እንዲያስነፋ ተፈቀደለት። ዋና መንገድ ዳር፣ መብራት አብርተው፣ ሁሉም እያያቸው ይቆማሉ፤ ተራው የደረሰው ሁሉ ይነፋል፣ ቄስም ሆነ ዳኛ። በመጀመሪያው ዓመት ከሦስት መንጃ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች አንዱን በሚያህል መጠን አስነፉ። በ1982 በክፍለ ግዛቱ መንገዶች 1,253 ሰዎች ሞተው ነበር፤ በ1983 የሞቱት 966 ናቸው። ቁጥሩ ዓመት ከዓመት ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢልም እንደ ብሪታንያው ወደ ነበረበት አልተመለሰም፤ ምክንያቱም ማስነፋቱ አልቆመም። ኋላ ላይ የምርመራው ብዛት ከአሽከርካሪው ቁጥር ጋር እስከ መስተካከል ደረሰ።

ሁለቱን አገሮች ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው ዋናው ልዩነት የመሣሪያው ጥራት ወይም የቅጣቱ ክብደት አይደለም። ልዩነቱ በአሽከርካሪው ጭንቅላት ውስጥ ያለው ግምት ነው፦ ዛሬ ማታ የመነፋቴ ነገር ምን ያህል እርግጠኛ ነው? ይህን ግምት የሚሠራው ደግሞ የተያዘው ሰካራም አይደለም። እሱ አንድ ሰው ነው፣ አፍሮም ዝም ይላል። ግምቱን የሚሠራው ሳይጠጣ ተሰልፎ የነፋው ሾፌርዎ ነው፤ ምክንያቱም በማግስቱ ለሰልፍ አስከባሪው፣ ለረዳቱ፣ ለጎረቤቱ፣ ለአማቹ «ትላንት አስነፉኝ እኮ!» ብሎ ያወራል። ያ ወሬ ነው አርብ ማታ ግሮሰሪ ውስጥ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ያኖረውን ሰው ሁለተኛውን ጠርሙስ ከማዘዙ በፊት የሚያሳስበው። ፖሊስ የጠጣውን ሁሉ ለመያዝ ቢነሳ በየትኛውም አገር አይሳካለትም። ከመጠጣቱ በፊት ማሳሰብ ግን ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኛን በደንብ የሚመለከት ነው። ሲድኒ ላይ ሰዎች ሲጠየቁ ምርመራው «አይ፣ ይበቃኛል» ለማለት ምክንያት እንደሰጣቸው ይናገሩ ነበር። የኛን ገበታ ያስቡት። «በሞቴ!» ተብሎ አንድ ጨምር የተባለ ሰው እምቢ ሲል ጋባዡን ያስቀይማል፣ አልያም «ምነው ታመሃል?» ይባላል። በሰርግ፣ በጥምቀት፣ በፋሲካ ማታ ይህን ግፊት መቋቋም ከባድ ነው። «መገናኛ ላይ ያስነፋሉ» ማለት ግን ማንንም አያስቀይምም፤ ጋባዡም ይቀበለዋል። ሕግ አንዳንዴ ይሉኝታ ይዞት የሚመጣውን ጫና በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ያሳርፋል፤ እዚህ ላይ ፖሊሱ ትከሻ ላይ።

እንግዲህ ምን ያህል ይቀንሳል? በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶችን አሰባስበው የመዘኑ ግምገማዎች፣ በደንብ የተሠራ የመንገድ ላይ ምርመራ ከአልኮል ጋር የተያያዘውን አደጋ ወደ 20 በመቶ እንደሚቀንስ ያሳያሉ። «ከአልኮል ጋር የተያያዘውን» የሚለውን ልብ ይበሉ። የመንገድ ሞት በሙሉ በአምስት አንድ ይቀንሳል ማለት አይደለም። ለምሳሌ ያህል፣ በአንድ ከተማ ከሚሞቱት መቶ ሰዎች አልኮል ያለበት ሃያው ቢሆን፣ ምርመራው የሚያድነው አራቱን ነው። አራት ሰው ለማንም ቤት ትንሽ አይደለም። ቢሆንም «ማስነፋት ተጀመረ፣ አደጋ ጠፋ» ብሎ የሚፎክር ባለሥልጣን ካለ አይመኑት። አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው፤ እግረኛውን የሚገድለው ፍጥነት ነው፣ መሻገሪያ የሌለው ሰፊ አስፋልት ነው፣ መብራት የሌለው ማዞሪያ ነው። የትንፋሽ መለኪያ እነዚህን አይነካቸውም።

አልኮል በኛ አደጋ ውስጥ ያለው ድርሻ በፖሊስ መዝገብ ላይ ትንሽ ሆኖ የሚታየውም በከፊል በአመዘጋገቡ ነው። «ለእግረኛ ቅድሚያ አለመስጠት»፣ «ከፍጥነት በላይ ማሽከርከር» ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ግን ሰውየው ቅድሚያ ያልሰጠው ለምን ነበር? አደጋው በደረሰ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ካልነፋ ወይም ደሙ ካልተወሰደ መልሱ ሰውነቱ ውስጥ እየተቃጠለ ይጠፋል። ስለዚህ መሣሪያው ያለው ከተማ መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ቀላል ነገር፣ ሰው በቆሰለበትና በሞተበት አደጋ ሁሉ በሕይወት ያለውን አሽከርካሪ ሳይመርጡ ማስነፋት ነው። የባለሥልጣን ሹፌርም ቢሆን።

አሁን ወደ መሣሪያው ልግባ፤ እዚህ ላይ የሚወራው ወሬ ብዙ ስለሆነ ትንሽ እቆያለሁ።

ፖሊስ የሚይዘው የእጅ መሣሪያ ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሮኬሚካል ሴል አለ። ከሳንባ ጥልቀት የወጣ ትንፋሽ ሲገባበት፣ በትንፋሹ ያለው አልኮል በፕላቲኒየም ላይ ተቃጥሎ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈጥራል፤ ኃይሉ የአልኮሉን መጠን ይነግራል። ለዚህ ነው ረጅም ንፋ የሚሉዎት፦ የሚፈለገው የአፍ አየር ሳይሆን ደም ሳንባ ውስጥ የነካው አየር ነው። በተለምዶ የሚወሰደው ስሌት 2,100 ሊትር የሳንባ አየር አንድ ሊትር ደም የሚይዘውን ያህል አልኮል ይይዛል የሚል ነው።

ከዚህ ስሌት ብዙ ሾፌሮችን የሚያሳስት ነገር ይወጣል። አንዳንድ መሣሪያ ውጤቱን በደም መጠን ያሳያል፣ አንዳንዱ ደግሞ በአንድ ሊትር ትንፋሽ በሚሊግራም። የኛም ደንብ የጀመረበት ጣሪያ፣ በደም 0.8 ግራም ማለት፣ በትንፋሽ 0.38 ሚሊግራም ገደማ ነው። ስክሪኑ ላይ 0.40 አይቶ «ጣሪያው 0.8 አይደል እንዴ፣ ግማሽ ነኝ» ብሎ የሚከራከር ሾፌር በትንፋሽ የሚለካ መሣሪያ ከሆነ ጣሪያውን አልፏል። ፖሊሱም መለኪያው የትኛው እንደሆነ የማስረዳት ግዴታ አለበት፤ «አልፈሃል» ብቻ ብሎ መቅጣት መተማመንን ይገድላል።

ቡና መጠጣት፣ ማስቲካ ማኘክ፣ ነጭ ሽንኩርት መብላት፣ ሎሚ መምጠጥ ሽታ ይደብቃል እንጂ ከሳንባ የሚወጣውን አልኮል አይቀንስም። በጾም ብዛት ሰውነት የሚያመነጨው አሴቶንም በዚህ ዓይነቱ ሴል ላይ እንደ አልኮል አይቆጠርም፤ «ጾሜ ነው ያስቆጠረብኝ» የሚለው ሰበብ አይሠራም። የሚሠራ ቅሬታ አንድ አለ። ሰውየው አሁን ገና አረቄ ተጎንጭቶ ከሆነ፣ ወይም በአልኮል የተሠራ የአፍ መጉመጥመጫ ተጠቅሞ ከሆነ፣ አፉ ውስጥ የቀረው ጠብታ ውጤቱን ያጋንነዋል። መፍትሔው 15 ደቂቃ ቆሞ እንደገና መንፋት ነው። ይህን እድል የማይሰጥ ምርመራ ስህተት አለበት። የሚነፋበት ቧንቧም ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ መሆን አለበት፤ ተጠቅልሎ ካልመጣ ሾፌርዎ አዲስ ይጠይቅ።

ስንት ጠርሙስ ነው ጣሪያውን የሚያልፈው? ሁልጊዜ የምጠየቀው ይህን ነው፣ ሁልጊዜም በጥንቃቄ ነው የምመልሰው። አልኮሉ 5 በመቶ የሆነ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹህ አልኮል አለው። 70 ኪሎ የሚመዝን ወንድ በባዶ ሆድ አንዱን ሲጠጣ ደሙ ውስጥ በሊትር ወደ 0.27 ግራም ይገባል፤ ጉበት በሰዓት በአማካይ 0.15 ያህል ታስወግዳለች። በአንድ ሰዓት አራት ጠርሙስ የጠጣ 0.9 አካባቢ ነው፣ ጣሪያውን አልፏል። 55 ኪሎ የምትመዝን ሴት በሁለት ጠርሙስ 0.7 ትደርሳለች። ጠጅ ቤት ሲገቡ ግን ይህ ሒሳብ ሁሉ ይፈርሳል። የጠጅ ጥንካሬ ከቤት ቤት ይለያያል፣ የዳግም አረቄም እንደዚያው፤ ብርሌውም መለኪያውም መጠን ተጽፎበት አይመጣም። ስለዚህ «ሁለት ብርሌ ችግር የለውም» የሚል ሰው ቁጥር ሳይሆን ልማድ ነው የሚነግርዎት።

ደግሞም ጣሪያው የደኅንነት ድንበር አይደለም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንባችን፣ ከዚያ ወዲህ ማሻሻያዎች ቢከተሉትም፣ በ0.8 ግራም ነበር የጀመረው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ0.5 እንዳይበልጥ፣ ለጀማሪ አሽከርካሪ ደግሞ ከ0.2 እንዳይበልጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ በሁለት ከተሞች በሺዎች የሚቆጠሩ አደጋ የደረሰባቸውንና ያልደረሰባቸውን አሽከርካሪዎች ያነጻጸረ ጥናት፣ በ0.8 ላይ አደጋ የማድረስ ዕድል ካልጠጣው ሰው 2.7 እጥፍ፣ በ1.0 ወደ 5 እጥፍ፣ በ1.5 ከ20 እጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቶታል። መስመሩ ቀስ ብሎ ይጀምርና ድንገት ሽቅብ ይወጣል። በኔ አስተያየት ሰው ጭኖ የሚነዳ ሹፌር፣ የታክሲም ሆነ የአገር አቋራጭ፣ ጣሪያው 0.2 ሊሆን ይገባል።

ስለ አገር አቋራጭ ካነሳሁ፣ ማታ ላይ ብቻ ማስነፋት ትልቅ ክፍተት እንዳለው ልናገር። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ 1.5 ግራም ይዞ የተኛ ሹፌር፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ሲደርስ ገና 0.6 ይዟል። ፊቱን ታጥቧል፣ ቡናውን ጠጥቷል፣ ራሱን ደህና ነኝ ብሎ ያምናል። ከጀርባው ስልሳ ሰው ተቀምጧል። መናኸሪያ በር ላይ አውቶቡስ ከመውጣቱ በፊት ሹፌሩን ማስነፋት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ሰልፍ አያበዛም፣ የሚያመልጥበት ውስጥ ለውስጥ መንገድም የለም። አንድ መሣሪያ ብቻ ያለው ከተማ ቢኖር የማስቀምጠው እዚያ ነው።

«በውስጥ ለውስጥ ያመልጣል» ያሉት እውነት ነው። ናይሮቢ ላይ «አልኮብሎው» የሚሉት መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ መንገድ ላይ ሲወጣ፣ አሽከርካሪዎች ፖሊስ የቆመበትን ቦታ በየደቂቃው በስልክ ይለዋወጡ ነበር። መልሱ ኬላውን ማንቀሳቀስ ነው። አንድ ቦታ ሌሊቱን ሙሉ የቆመ ቡድን ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚያስነፋው ያልሰማውን ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ቦሌ፣ ቀጥሎ ካዛንቺስ፣ ቀጥሎ ሃያ ሁለት ጀርባ ያለው ኮብልስቶን ላይ ከታየ ግን፣ ወሬው ራሱ ለፖሊስ ይሠራለታል፦ ሦስት ቦታ የተደወለለት ሰው ከተማው ሁሉ ኬላ የሆነ ይመስለዋል። ትልቁ ዋና መንገድ ላይ የሚታየው ኬላ ያስፈራል፣ ትንሹ ተንቀሳቃሽ ቡድን የሾለከውን ይይዛል፤ አንዱ ያለ ሌላው ግማሽ ሥራ ነው።

የኬንያው ታሪክ ሌላም ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 የአገሪቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ምርመራው የተመሠረተበት ደንብ ከዋናው የትራፊክ ሕግ ጋር አይጣጣምም ብሎ ጣለው። ደቡብ አፍሪካም እ.ኤ.አ. በ2011 የዌስተርን ኬፕ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የመሣሪያውን ውጤት በማስረጃነት አልቀበልም ብሎ ነበር። የሕግ መሠረቱ ካልጠበቀ፣ መሣሪያው በየጊዜው ተስተካክሎ መፈተሹ በወረቀት ካልተያዘ፣ የጠጣው ሰው ጠበቃ ይዞ በኩራት ይወጣል። ይህ የቢሮ ሥራ ስለሆነ ማንም አይወደውም፣ ካሜራም አይቀርጸውም።

ስለ ገንዘቡ የጠረጠሩት ነገር ላይ አልከራከርዎትም። ጨለማ ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ቆመው አንዱ መንጃ ፈቃዱን ሊያጣ ሲል ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። ይህን ግን ስብከት አያስቆመውም፤ መዝገብ ያስቆመዋል። ዘመናዊ መሣሪያ እያንዳንዱን ምርመራ በተራ ቁጥር፣ በቀንና በሰዓት ይይዛል። በማግስቱ ጠዋት መሣሪያው ላይ ያለው የተያዘ ሰው ቁጥርና ጣቢያ የቀረበው የክስ ቁጥር ካልተገጣጠመ፣ ልዩነቱን የሚመልስ ኃላፊ መኖር አለበት። ኬላው ላይ ከሁለት ፖሊስ በላይ ይቁም፣ መብራት ይኑር፣ ቅጣቱም እጅ በእጅ አይከፈል። ምርመራው ገንዘብ መሰብሰቢያ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ደግሞ ቀላል መፈተኛ አለ፦ ስንት ሰው ተቀጣ ብለው ሳይሆን ስንት ሰው ነፋ ብለው ይጠይቁ። አሥር ቡድን እያንዳንዱ 60 ሰው በሳምንት ሦስት ሌሊት ቢያስነፋ በዓመት ከ93,000 በላይ ምርመራ ይሆናል። ያ ሰው የሚሰማው ሥራ ነው። በበዓል ሰሞን ብቻ ለቴሌቪዥን የሚወጣ ኬላ ግን ብሪታንያ የደረሰባት ይደርስበታል፣ ያውም ቶሎ።

መሣሪያው የማያየውንም ልንገርዎት። ጫት አያይም። እንቅልፍ አያይም። ከጅቡቲ መስመር ሁለት ቀን ሳይተኛ የሚመጣ የከባድ መኪና ሹፌር ዜሮ ነፍቶ ያልፋል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላም አፋር በረሃ ላይ መሪው ላይ ይተኛል። ይህ ሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ የመንጃ ሰዓት ገደብና ማረፊያ ቦታ። የጠጣውም ሰው ቢሆን መኪናውን ትቶ ለመሄድ አንድ ነገር ይይዘዋል። ቺቺንያ ጥግ አቁሞ በራይድ ቤቱ ቢገባ፣ ጠዋት ስፖኪዮው አለ ወይ? ይህን ቀላል ጭንቀት የሚያቃልል፣ ማታ ገብቶ ጠዋት የሚወጣበት ጥበቃ ያለው ፓርኪንግ መጠጥ ቤት በበዛበት ሠፈር ቢኖር፣ ከብዙ ፖስተር የበለጠ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

በመጨረሻ ወደ እርስዎ ሁለት ሚኒባሶች ልምጣ፤ ፖሊስን ሳይጠብቁ ማድረግ የሚችሉት አለና። የእጅ መሣሪያ መግዛት ካሰቡ በርካሽ የሚሸጡትን ሴሚኮንዳክተር ያላቸውን አይግዙ፤ የሲጋራ ጭስም የነዳጅ ሽታም ያሳስታቸዋል። ፖሊስ የሚይዘው ዓይነት ኤሌክትሮኬሚካል ሴል ያለው ይበልጥ ውድ ነው፣ ግን ይታመናል፤ እሱም በዓመት አንድ ሁለቴ መስተካከል አለበት። ጠዋት ቁልፍ ሲያስረክቡ ሹፌሩ ይንፋ፣ እርስዎም አብረውት ይንፉ፤ አንድ ሰው ብቻ ሲነፋ ስድብ ይመስላል። ከዜሮ በላይ ካሳየ ያን ጠዋት ቁልፉን አይስጡ። እዚህ ላይ ግን ብዙ ባለንብረት የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ፦ መኪናው ቆሞ እያለ የዕለቱን ገቢ ሹፌሩ እንዲያስገባ መጠየቅ። ያን ከጠየቁ በሚቀጥለው ጊዜ ጓደኛውን ያስነፋልዎታል። የግማሽ ቀኑን ገቢ እርስዎ ይተዉለት፤ በወር ውስጥ ከተደጋገመ ያኔ ስለ ሥራው ይነጋገሩ።